ስብሰባው ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው?

እንደምን አረፈዳችሁ። ክቡር አፈ ጉባኤ፣ የምክር ቤት አባላት፣ የቀበሌ አመራሮች፣ እናቶች አባቶች፣ የሰፈሬ ልጆች፣ ከዘጌ በጀልባ ከመሸንቲ በታክሲ ወደ ባህር ዳር የመጣችሁም ሁሉ ሰላም ለናንተ ይሁን። ዛሬ ስብሰባው ግራውንድ ላይ ስለሆነ ደረጃ አልወጣሁም፣ ጉልበቴም አልዛለም፣ ስለዚህ ትንሽ ብረዝምባችሁ ጥፋቱ አዳራሹን የመረጠው ሰው ነው።

አካል ጉዳተኛ ማይክ ሲይዝ እርዳታ ሊጠይቅ ነው ብሎ ኪሱን የሚዳብስ ሰው አይቻለሁ። ተረጋጉ፣ ዛሬ ብር አልጠይቅም። የመጣሁት ስለ ስብሰባ ላወራ ነው። ስብሰባ ደግሞ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፣ መንገዱ በየት ይለፍ፣ ቦኖው የት ይተከል፣ የመንገድ መብራት የት ይቁም፣ ሸዱ ለማን ይሰጥ የሚባለው እዛ ነው። እዛ ያልገባ ሰው በኋላ አገልግሎት ፍለጋ ሲመጣ ሁሉም ነገር ያለሱ ተወስኖ በሲሚንቶ ደርቆ ይጠብቀዋል፣ ከዛ "ምን እናድርግ፣ እንዲህ ነው የተሰራው" ይሉታል። ደረጃውን ያሰራው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም እኮ፣ ሲወሰን ደረጃ የማይወጣ ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረማ!

ይሄን ስናነሳ መጀመሪያ የሚሰጠን መልስ "ህጉ የለም" ነው፣ ህጉ ግን ድሮ ነው ያለው። በ2001 የወጣው የህንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ አንቀጽ 36 ላይ የህዝብ መገልገያ ህንፃ ዊልቸር ለሚጠቀምና ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው መግቢያ ይኑረው ብሎ ደንግጓል፣ ሽንት ቤቱንም ጨምሮ። በ2002 ደግሞ አገራችን የተባበሩት መንግስታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ኮንቬንሽን አፅድቃለች፣ እሱ አንቀጽ 29 ላይ በህዝብ ጉዳይ መሳተፍን መብት ነው ብሎ አስቀምጦታል። ህገ መንግስቱን አልጠቅስም፣ እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛዋ መልስ "ስንት ናችሁ?" ናት። ይቺን በጣም ነው የምጠላት፣ ግን ልመልሳት። የ1999 የህዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኛውን ከመቶ 1 ገደማ ነው ያለው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በዓለም ላይ ከመቶ 16 ነው ይላል፣ ከ6 ሰው 1 ማለት ነው። ታዲያ እኛ አገር ሰው ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ነው? አይደለም፣ አጠያየቁ ነው። ቤት አንኳኩተህ "አካል ጉዳተኛ አለ?" ካልክ እናትየው ልጇን ከጓዳ አታወጣልህም፣ አያትየውም ጆሯቸው እንደከበደ እያወቁ "እኔማ ደህና ነኝ" ነው የሚሉህ። "መነፅር አድርገውም ቢሆን ለማየት ይቸገራሉ? ለመስማት? ለመሄድ? ለማስታወስ? ራስዎን ለመንከባከብ? ለመግባባት?" ብለህ ስትጠይቅ ግን መልሱ ይቀየራል። ይሄ 6 ጥያቄ ብዙ አገር የሚጠቀምበት ነው፣ የኛ ቀበሌ የነዋሪ ፋይል ሲያድስ ቢጨምረው ምንም አይጎዳውም።

ራምፕ፣ ማለትም ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት፣ ሰርተናል የምትሉም አላችሁ፣ እግዜር ይስጥልን። ግን አንዳንዱ ራምፕ ሳይሆን የበዛዊት ዳገት ነው! ስሌቱ ቀላል ነው፣ በተለምዶ ለ1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይባላል። ሶስት ደረጃ ያለው በር 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢኖረው ራምፑ 5 ሜትር ከ40 ሊረዝም ነው ማለት ነው፣ እኛ ጋ ግን በአንድ ሜትር ተኩል ይጨርሱትና ወንበሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ ከታች ደግሞ ሞተር ሳይክል ይቆምበታል፣ ከላይ ደርሰህ በሩ ጠባብ ይሆንና ዊልቸሩ አያልፍም። ለፎቶ ነው እንዴ የተሰራው? አሁን ኮሪደር ልማቱ እየተሰራ ነው፣ ሳይደርቅ ጠይቁን ነው የምለው፣ ምክንያቱም ፕላን ላይ እያለ ማስተካከል አንድ መስመር ማስመር ነው፣ ካለቀ በኋላ ግን ማፍረስና እንደገና መስራት ሊሆን ነው፣ ያኔ በጀት የለም ብትሉ እውነታችሁን ነው።

ብር የማይጠይቀውን ደግሞ ልንገራችሁ። ማስታወቂያ። የስብሰባው አጀንዳ ማህተም ተደርጎበት በስልክ ፎቶ ይነሳና ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። ማየት የተሳነው ጎረቤቴ ስልኩ ፅሁፍ ያነብለታል፣ ፎቶ ሲሆን ግን ዝም ይላል። ያንኑ ፅሁፍ ከፎቶው ስር ታይፕ አድርጎ መለጠፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ኮምፒውተር ላይ ተፅፎ አይደል እንዴ ፕሪንት የተደረገው! ሰዓቱም እንደዛው፣ ቅዳሜ ጠዋት ስብሰባ ጠርቶ "ሴቶች አይሳተፉም" ብሎ ሪፖርት መፃፍ ይደብራል፣ ሴቶቹ ገበያ ናቸው። የጣናን ዳር እናልማ ሲባል ደግሞ ነገደ ወይጦዎች አዳራሹ ውስጥ አሉ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም፣ ደንገሉን አጭደው ታንኳውን ሰርተው እዛ ውሃ ላይ የኖሩት እነሱ ሆነው ሳለ። እነሱን ማን ጠራቸው? በምን ሰዓት? ማይኩስ ደረሳቸው ወይ? ከኔ ደረጃ የማይተናነስ ደረጃ ነው ያለባቸው፣ ግን በአይን አይታይም።

ወደ መስኮቱ ልምጣ፣ አገልግሎት መስጫው ማለቴ ነው፣ ምክንያቱም እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። እኔ በክራንች ነው የምሄደው፣ ጭንቅላቴ ደህና ነው፣ ምላሴም እንደምትሰሙት ነው። ግን ታናሽ እህቴን ይዤ አንድ መስሪያ ቤት ስገባ ባለሙያው የሚያወራው ከሷ ጋር ነው። "ምንድነው የምትፈልገው? እድሜዋ ስንት ነው?" ይላታል እኔ ፊቱ ቆሜ። ማየት የተሳነው ሰው ሲመጣ ደግሞ ጉዳዩ ወረፋው ሁሉ እየሰማ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ የፍቺ ወረቀት ይሁን የእዳ ማንም ግድ የለውም፣ ከዛ "እዚህ ጋ ጣትህን አድርግ" ነው፣ ምን ላይ እንደሚፈርም እንኳ በወጉ ሳይነበብለት። ጋሼ፣ አንተ ያላነበብከው ላይ ትፈርማለህ?

አንዳንዱ ደግሞ ከልቡ ደግ ነው፣ አይቶህ ሮጦ ይመጣል፣ ሳይጠይቅህ ክንድህን ይይዝና ይጎትትሃል። እሱንም እናመሰግናለን፣ ግን መጀመሪያ ጠይቅ፣ "ላግዝሽ?" በል፣ አይ ካልኩህ ደግሞ አትቀየመኝ። ከወረፋ ማስቀደም ጥሩ ነው፣ ቅድሚያ ተሰጥቶኝ ሶስተኛ ፎቅ ነው ከተባልኩ ግን ምን ዋጋ አለው? ባለሙያው ፋይሉን ይዞ ቢወርድልኝ ይሻላል። በነገራችን ላይ ይሄን የሚያደርጉ ልጆች አሉ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ የሚያሳዝነው እነሱ የተቀየሩ ቀን ነገሩ አብሯቸው መሄዱ ነው። ስለዚህ በሰው ደግነት ላይ እንዳይንጠለጠል ተፅፎ ይሰጠን፣ መመሪያ ይሁን ደብዳቤ እናንተ ታውቃላችሁ፣ ቅሬታ ስናቀርብም ቅሬታ ሰሚው ቢሮ ራሱ ፎቅ ላይ አይሁን እባካችሁ።

ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ለሚቀጥለው ጉባኤ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ጥሪው ላይ የስብሰባው ቦታ ሲፃፍ ፎቁም አብሮ ይፃፍ፣ "ምን ድጋፍ ያስፈልግዎታል?" የሚል አንድ መስመርና ስልክ ቁጥር ይኑረው፣ ቢያንስ ሳምንት ቀደም ብሎ ይውጣ፣ ምክንያቱም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በዋዜማው ተደውሎ አይገኝም። እጅ አውጡ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥም ቁጥሩን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፣ የማያየው ሰው ስንት እጅ እንደወጣ በምን ይወቅ?

ከኔ ቀጥላ የምትናገረው መስማት የተሳናት እህታችን ናት። በምልክት ቋንቋ ነው የምታወራው፣ አስተርጓሚው አጠገቧ ይቆማል። ጥያቄ ካላችሁ አንድ በአንድ ጠይቁ፣ ሁላችሁም አንዴ ካወራችሁ አስተርጓሚው የቱን ይያዝ፣ ስትጠይቁም እሷን እያያችሁ ይሁን። ነይ እህቴ፣ መድረኩ ያንቺ ነው።