በሐረማያ ሐይቅ ያደጉት የዝይ ጫጩቶች
(በሐረር ከተማ ለተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለመምህራን የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መገባደጃ ድረስ በየእሑዱ ማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወዴት እንደምሄድ ከመካከላችሁ የጠየቁኝ ነበሩ። የምሄደው ሐረማያ ሐይቅ ነበር፤ የአንድ ጥንድ ዝይ ጫጩቶች ሲያድጉ ለማየት። የአውሮፓ ሰዎች በየሐይቃቸው ግራጫ ሆኖ ተፈልፍሎ እያደር የሚነጣውን፣ ስዋን የሚባለውን አንገተ ረጅም የውኃ ወፍ ጫጩት እንዲህ ይከታተሉታል። ስዋን በእኛ አገር አይኖርም፤ እኛ ያለን የግብፅ ዝይ የሚባለው፣ ስሙን ግብፅ ትውሰደው እንጂ ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ በብዛት የሚገኘው፣ ዓይኑን ቡናማ ክብ የከበበው ወፍ ነው።

እናቲቱ ከ28 እስከ 30 ቀናት ያህል እንቁላሎቿን ታቅፋ ስትቆይ አባትየው አካባቢውን ይጠብቃል። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው ላባቸው እንደ ደረቀ ጎጆውን ትተው ወደ ውኃ ይወርዳሉ። እንደ ድንቢጥ ጫጩት አፋቸውን ከፍተው ጉርሻ አይጠብቁም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሣሩን ራሳቸው ይነጫሉ፤ የወላጆቹ ሥራ መምራት፣ ማሞቅና መከላከል ነው።

በመጀመሪያው እሑድ ዘጠኝ ነበሩ፤ ጥጥ የመሰለ ቡናማና ነጭ ላባ ለብሰው ከእናታቸው ኋላ ተሰልፈው ይዋኙ ነበር። በሁለተኛው እሑድ ሰባት ቀሩ። በዚያው ዕለት አንድ ጭላት ሲያንዣብብ አባትየው አንገቱን አስግጎ፣ ክንፉን ዘርግቶ እየተነፋ ሲጋፈጠው አየሁ። በአራተኛው እሑድ ደግሞ አምስት ብቻ ሆኑ፤ የሁለቱን መጨረሻ አላየሁም፣ ነገር ግን በዳርቻው የሚዞሩትን ውሾች አይቻለሁና ግምቴን ለራሴ ይዣለሁ። ከዚያ በኋላ የጥጡ ላባ በየቦታው እየረገፈ እውነተኛው ላባ ሲበቅል መልካቸው እጅግ ተበላሸ፤ ዳር ላይ ከብት የሚጠብቁ ልጆች አብረውኝ እያዩ «እነዚህ ታመዋል» ብለው አዘኑላቸው። በሰባተኛው ሳምንት ግን ከወላጆቻቸው የሚለያቸው ያ የዓይን ክብ ገና አለመውጣቱ ብቻ ነበር ለማለት ያስደፍራል፤ እርግጥ ክንፋቸውን ሲያራግቡ ከመሬት አይነሡም ነበር። መጀመሪያ የበረሩት በኅዳር መጨረሻ ነው፤ ውኃውን በእግራቸው እየመቱ ሮጠው ተነሡና ማዶ አረፉ። በዚያ ማለዳ ያጨበጨብኩት ብቻዬን ስለ ነበር አላፈርኩም።

ይህን ሁሉ የማወራው ከመፈልፈል እስከ መብረር ስላሉት ስለ እነዚያ ሰባ ጥቂት ቀናት ለመናገር ነው። እናንተ ተማሪዎች የማታስታውሱትን ወላጆቻችሁ ያስታውሳሉ፤ ሐረር ለብዙ ዓመታት የጠጣችው ከዚህ፣ ያኔ ዓለማያ እንለው ከነበረው ሐይቅ ነው። ከተማው ሲጠጣው፣ የጫትና የአትክልት ማሳው በፓምፕ ሲስበው፣ ከተራቆተው ኮረብታ የታጠበው ደለል ሲሞላው፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሐይቁ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ዛሬ የከተማችን ውኃ ከድሬዳዋ በኩል ካሉ ጉድጓዶች ዳገቱን በቧንቧ ይወጣል። ሐይቁ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተመልሷል፤ ከእርሱም ጋር ወፎቹ። ውኃ ሲጎድልባት ትልቋ ዝይ ተነሥታ ሌላ ሐይቅ ትፈልጋለች፤ ጫጩቷ ግን እስክትበር ድረስ ካለችበት ንቅንቅ አትልም። ውኃው ከሣሩ በሸሸ መጠን ለመጋጥ ወጥታ ለመሸሸግ የምትመለስበት ጭቃ እየሰፋ ይሄዳል፤ ጭላቱም ውሻውም የሚጠብቋት እዚያ ላይ ነው። ዝናቡ አቁሞ የመስኖ ሞተሮቹ የሚነሡት ደግሞ በጥቅምት፣ ጫጩቶቹ ገና ክንፍ ሳያወጡ ነው።

ገበሬውን ለመክሰስ አልመጣሁም። አንዱ «ጋሼ፣ እነዚህን ዝዮች ይዘዋቸው ይሂዱ፣ ጎመኔን ጨረሱት» ብሎኛል፤ እውነቱን ነው፣ ዝይ ማሳ ትገባለች። ሞተሩን ያጥፋ ማለትም የልጆቹን እንጀራ ይተው ማለት ነው። የምጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው፦ ፊላ የበቀለበት አንድ ጥግ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ቱቦ ሳይገባበት፣ ከብትም ውሻም ሳይወርድበት እንዲቆይ፤ በምላሹም የተማሪዎች ክበብ በአጠገቡ ያሉትን የጎመን መደቦች በእሾህ ለማጠር እጁን እንዲሰጥ። ጅብ በስሙ እየጠራች የምታበላ ከተማ ይህን ያህል ለዝይ መነጋገር አያቅታትም ብዬ አስባለሁ።

ከገበሬዎቹ ጋር የምንነጋገረው በመጪው እሑድ ነው። ከመናኸሪያው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንነሣለን፤ መነጽር ያለው ይዞ ይምጣ። አምስቱ ወጣቶች ባለፈው ሳምንት ገና ከወላጆቻቸው አልተለዩም ነበር፤ በአንደኛው ዓይን ዙሪያም ቡናማው ክብ ብቅ ማለት ጀምሯል።