ጣና ዳር ዓሣ የምታጠምደው ሸረሪት

ሰላም ሰላም ቤተሰብ! ዛሬ ባሕር ዳር ነን፣ ጣና ዳር፣ ደንገሉ ውስጥ። ሸረሪት ልናድን መጥተናል። በካሜራ ነው እንጂ በጫማ አይደለም!

ይቺን እዩልኝ። ደንገሉ ላይ፣ እዚች ጋ። ድር የላትም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት እሷን አይመለከትም። የኋላ እግሮቿ ደንገሉን ይዘዋል፣ የፊቶቹ ውሃው ላይ ተዘርግተዋል። ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ ውሃው ከእግሯ ሥር ጎድጎድ ብሏል እንጂ አልተበሳም።

አሁን ደግሞ ወደዚያ ዞር በሉ። ድንጋዩ ላይ የተቀመጠውን ዓሣ አጥማጅ አያችሁት? ክሩን ጣቱ ላይ ጠምጥሟል። ከጓደኛው ጋር ወሬ ይዟል፣ ውሃውን ዞር ብሎም አያየው። ሞገድ ክሩን ሲነካው፣ ዝም። ቅጠል ሲነካው፣ ዝም። ዓሣ ሲነካው ግን ወሬው እዚያው ቁርጥ! እሷም እንደሱ ናት። በቃ እንደሱ! ክሯ ውሃው ነው። ንፋስ ያነሳውን ሞገድና የወደቀ ነፍሳት የሚያንፈራግጠውን ውሃ በእግሯ ትለያለች። ነፍሳት ትበላለች፣ አንዳንዴ ትንንሽ ዓሣም ትይዛለች። ልዩነታቸው አንድ ነው፤ እሱ ያመለጠውን ዓሣ ሲያወራ ክንዱን ይዘረጋል፣ እሷ አታጋንንም።

ቆይ፣ ቆይ። ባለፈው ቪዲዮ ስንቶቻችሁ ናችሁ «ትሸናብሃለች፣ አልማዝ ባለጭራ ታወጣብሃለች» ያላችሁኝ? ኧረ በፈጠራችሁ! አልማዝ ባለጭራ የሸረሪት ሽንት አይደለም። ደግሜ ልበል፤ አይደለም። ድሮ ጉድፍ ይዟችሁ ነበር? የጉድፉ ቫይረስ ከዳናችሁም በኋላ አይወጣም። ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም የሰውነት አቅም ሲደክም አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ይነሳል። በአንድ ጎን ብቻ መስመር ሠርቶ የሚወጣው የነርቩን መንገድ ስለሚከተል ነው። ሸረሪት ብትሆን እንዲህ በማስመሪያ ትሸናለች እንዴ? ደግሞ መድኃኒት አለው። ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ጥሩ ነው። ሸረሪት እየረገማችሁ ሦስት ቀን ከምታቃጥሉ ሐኪም ቤት ሂዱ።

እሺ፣ ካሜራ። ማክሮ ሌንስ (ትንሽ ነገር አጉልቶ የሚያነሳው)፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 11፣ ፍጥነቱ 1/200 ሰከንድ፣ ፍላሹን በነጭ ጨርቅ ለስለስ፣ ፎከስ ዓይኗ ላይ። ይህን ታውቁታላችሁ፣ እንለፍ።

ደንገሉን ግን አደራ አትንኩ! ንዝረቱ ይደርሳታል። ከደነገጠች ግንዱን ይዛ ውሃ ውስጥ ትገባለች። ፀጉሯ አየር ስለሚይዝ ውሃው ሥር ብርማ ሆና ትታያለች። ከወገኖቿ ከግማሽ ሰዓት በላይ እዚያው የሚቆዩ አሉ። እንግዲህ ጠብቁ! አፏ ሥር ድቡልቡል ነገር ከያዘች ደግሞ የእንቁላል ከረጢቷ ነው፤ ራቅ ብላችሁ አንሷት። ሊፈለፈሉ ሲሉ ቅጠል ላይ ድር ትሠራላቸዋለች። አዎ፣ ድር! ለአደን ሳይሆን ለልጆቿ።

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ከሆናችሁ ከ12 ሰዓት በፊት ዕቃችሁን ሰብስቡ። ሲመሽ ጉማሬ ሣር ሊግጥ ይወጣል። ሸረሪት የሚፈራ ሰው ጉማሬ አጠገብ ሰልፊ ሲነሳ አይቼ በሳቅ ልሞት ነበር።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ። በሚቀጥለው ከግቢ ሳንወጣ፣ በግንባር ባትሪ፣ ማታ ዓይኗ የሚያበራውን ተኩላ ሸረሪት እንፈልጋለን።