ማንም ያልሰማው ሸክላ መኖሩ በምን ይታወቃል?

(ጥቁር ስክሪን። ድምፅ ብቻ።)

እስቲ ይህችን ስሟት።

ሳክስፎንና ትራምፔት እየተቀባበሉ ይገባሉ። ከበሮው ከሥር ይነዳቸዋል። ግማሽ ደቂቃ ያህል እንዲህ ይበራሉ። ከዚያ ሁለቱም አንድ የታወቀ ዜማ ያነሳሉ። ገና ከማንሳታቸው ፉጨት፣ ጭብጨባ፣ የ"ቆይ፣ ቆይ" ዓይነት ጩኸት። አለቀ።

(ፎቶ፦ ቻርሊ ፓርከር ከአልቶ ሳክስፎኑ ጋር።)

ቦታው ኒውዮርክ ነው። ቀኑ ኖቬምበር 26፣ 1945። በነገራችን ላይ ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፤ ግራ እንዳትጋቡ። ሳክስፎኑ የቻርሊ ፓርከር ነው፣ ትራምፔቱ የዲዚ ጊለስፒ። የሚቀዱት "ኮ ኮ" የምትባለውን ሙዚቃ ነው። ኮ ኮ የተሠራችው "ቸሮኪ" በሚባል የሌላ ሰው ዘፈን ኮርድ፣ ማለትም ከዜማው ሥር በሚሄደው የድምፆች ቅንብር፣ ላይ ነው። የቸሮኪ ዜማ ባለቤት አለው፤ ዜማው ከተነካ ኩባንያው ይከፍላል። ኮርዱ ግን የማንም አይደለም። እነ ፓርከር በመጀመሪያው ሙከራ ዜማውን ጀመሩትና ተው ተባሉ። በሁለተኛው ዘለሉት፤ ቀጥታ ወደ ሶሎው፣ ተጫዋቹ ብቻውን ወደሚበርበት፣ ገቡ። ጃዝን የቀየረችው ኮ ኮ ይህች ሁለተኛዋ ናት።

መጀመሪያ የሰማናት ቁራጭ ለገበያ የተሠራች አልነበረችም። ግን ሳትጣል ቆየች፤ ከዓመታት በኋላ ታተመች፤ ዛሬ ጃዝ የሚወድ ሰው ሁሉ ያውቃታል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር መኖሩን ሸክላ ሰብሳቢዎች በምን ያውቃሉ? ሱቅ ገብቶ ያልታየን፣ በሬዲዮ ያልተሰማን ሙዚቃ "አለ፣ የሆነ ቦታ አለ" ብለው 30 እና 40 ዓመት የሚፈልጉት በምን ተማምነው ነው?

መልሱ ከሙዚቃው ይልቅ የሂሳብ መዝገብ ይመስላል።

(ምስል፦ የአሮጌ ሸክላ መሐል፣ በቅርብ።)

እኛ "ሸክላ" ያልነው ነገር ስሙ የሚገባው ነው። ቪኒል ከመምጣቱ በፊት የነበረው፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው፣ ቢወድቅ እንደ ጀበና ይሰበራል። የሚሠራው ሼላክ ከሚባል፣ ትንንሽ ነፍሳት ዛፍ ላይ ከሚተዉት ሙጫ ነው፤ ከድንጋይ ዱቄት ጋር ይደባለቃል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 ጀርመን አገር የተቀዱትም በዚሁ ዓይነት ሸክላ ነው።

ቀረጻው የሚካሄደው ግን ሰም ላይ ነበር። ወፍራም የሰም ገበታ ይዞራል፤ ስለታም መርፌ ድምፁን እየተከተለ ይቦጠቡጠዋል። ሰሙ በብረት ይለበጥና ግልባጩ ይወጣል። ከግልባጩ ማኅተም ይሠራል። ማኅተሙ ትኩሱን ሼላክ ይጫነዋል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ኩባንያው ለሚቀዳው ለእያንዳንዱ ሙዚቃ ቁጥር ይሰጣል። የማትሪክስ ቁጥር ይሉታል። ኮ ኮ ለምሳሌ 5853 ናት። ሙዚቀኞቹ ያንኑ ሙዚቃ ከደገሙት ቁጥሩ አይቀየርም፤ ከጎኑ 1፣ 2፣ 3 እየተባለ ይጨመርበታል። እያንዳንዱ ሙከራ "ቴክ" ይባላል። ቁጥሩ ደግሞ መዝገብ ላይ ብቻ አይቀርም። ሸክላው ላይም ይቀረጻል። መስመሮቹ አልቀው መሐል ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከመጀመሩ በፊት ያለችውን ለስላሳ ቀለበት ታውቋታላችሁ? እሷ ላይ።

እንግዲህ አስቡት። ሸክላዬን ብርሃን ላይ አዘንብዬ ሳየው መጨረሻው 3 የሚል ከሆነ፣ 1 እና 2 የሆነ ቀን ተቀድተዋል ማለት ነው። አንድ ባንድ በአንድ ቀን የቀዳቸው ቁጥሮች 50፣ 51፣ 53 ከሆኑ፣ 52ን ማን በላት? እረኛ ማታ በረቱ በር ላይ ቆሞ ከብቱን ይቆጥራል። አንዷ ከጎደለች "አንዲት ላም ጠፋች" ብቻ አይልም፤ የቷ እንደሆነች ያውቃታል። ሰብሳቢዎቹም ሥራቸው ይኸው ነው።

ይህን ቆጠራ በደንብ የጀመረው ሙዚቀኛም ኩባንያም አይደለም። ቻርልስ ዴሎኔ የሚባል የፓሪስ ወጣት ነው፤ በ1936 የጃዝ ቅጂዎችን ማን፣ መቼ፣ የት፣ በስንት ቁጥር ብሎ በመጽሐፍ አሳተመ። በኋላ እንግሊዛዊው ብራያን ረስት ሥራውን ከዚያ በብዙ እጥፍ አሰፋው። ሰዎች በፖስታ እየተጻጻፉ "እኔ ጋ ያለው ቴክ 2 ነው፣ አንተ ጋስ?" ይባባሉ ነበር። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በእንግሊዝ የሚታተመው ቪንቴጅ ጃዝ ማርት የተባለ መጽሔት ደግሞ ገጾቹን በቁጥር ዝርዝርና በጨረታ ይሞላል። ለውጭ ሰው የስልክ ማውጫ ነው የሚመስለው። ለእነሱ ግን ወሬ ነው፤ ያውም ትኩስ ወሬ።

ታዲያ የተቀዳው ሁሉ ለምን አልወጣም? አንዳንዴ ትራምፔቱ ስለሳተ ነው። አንዳንዴ ኩባንያው ገንዘብ ስላጠረው። ማርች 1946 ላይ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሆነው ደግሞ ያስቃል። ፓርከር በአንድ ቴክ ላይ ብቻውን የሚበርባትን አጭር ክፍል እንዴት እንደሚጫወታት ጉድ አሰኘ፤ ቴክዋ ግን በጠቅላላው አልተሳካችም። ዳያል የተባለው ኩባንያ ቴክዋን ጥሎ ያቺን ቁራጭ ብቻ አስቀረ። በኋላም ራሷን ችላ ታተመች። ከወጡ ጎመኑ ተደፍቶ ሥጋው እንደ መቅረት ነው።

(ምስል፦ የባቡር ሐዲድ፣ ከጎኑ የጡብ ሕንፃ።)

አንዳንዴ ሙዚቃው ወጥቶም ይጠፋል። ኢንዲያና ውስጥ፣ ሪችመንድ ከተማ፣ ጄኔት የሚባል ኩባንያ ስቱዲዮውን ከባቡር ሐዲድ አጠገብ ነበር ያቋቋመው። ባቡር ሲያልፍ ቀረጻ ይቆማል። ኪንግ ኦሊቨር ወጣቱን ሉዊ አርምስትሮንግን ይዞ እዚያ የቀዳው በ1923 ነው። በዚያ ዓመት ከቀዳቸው አንዱ፣ "ዙሉስ ቦል" የተባለው፣ ታትሞ ተሽጧል። ዛሬ በዓለም ላይ የሚታወቀው ቅጂ አንድ ብቻ ነው። የምንሰማው ሁሉ ከዚያች ከአንዲቷ የተገለበጠ ነው።

ከአንድ በታች ደግሞ ዜሮ አለ። ባዲ ቦልደን፣ ብዙዎች የመጀመሪያው የጃዝ ሰው የሚሉት የኒው ኦርሊንስ ኮርኔት ተጫዋች፣ በሰም ሲሊንደር ላይ ተቀድቶ ነበር የሚል ወሬ አለ። ወሬው ከራሱ ባንድ ሰው ከትሮምቦኒስቱ ከዊሊ ኮርኒሽ የመጣ ነው። ሰብሳቢዎች አገሩን አገላበጡት። የለም። መዝገብ የለ፣ ቁጥር የለ፤ ፍለጋው ሁሉ በአንድ ሰው ትዝታ ላይ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ኩባንያ ቅጂ ነው። ቁጥር የሌለው ሌላ ዓለም ደግሞ አለ፤ ሰዎች በራሳቸው ማሽን የቀዱት። እኔ የምወደው ይሄኛውን ነው፤ ምክንያቱም መዝገብ ሳይሆን ሰው ነው የሚፈለገው።

ኖቬምበር 7፣ 1940። ፋርጎ፣ ሰሜን ዳኮታ። ዱክ ኤሊንግተን፣ በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከእኛው ሙላቱ አስታጥቄ ጋር የተገናኘው ኤሊንግተን፣ ከነባንዱ ለጭፈራ ምሽት ይጫወታል። ጃክ ታወርስና ዲክ በሪስ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ፈቃድ ጠይቀው ሸክላ የሚቀርጽ ማሽን ተሸክመው ገቡ። ለራሳቸው እንጂ ለንግድ አልነበረም። ያ ምሽት ከዓመታት በኋላ በሕጋዊ መንገድ ታትሞ በ1980 ግራሚ አገኘ።

ዲን ቤኔዴቲ ደግሞ ለየት ያለ ነው። ራሱ ሳክስፎን ይጫወታል፤ ፓርከርን ከሰማ በኋላ ግን ሌላ ነገር አልታየውም። በ1947 እና በ1948 ፓርከር የሚጫወትባቸው ክለቦች ውስጥ ማሽኑን ይዞ ይቀመጣል። ፓርከር ሲነፋ ይቀዳል። ሌላው ተራ ሲደርሰው ያጠፋዋል። ፒያኒስቱ፣ ትራምፔተሩ፣ ለእሱ የሉም። እንዲህ በመቆራረጡ እናዝናለን፤ ግን እሱ ባይኖር ያቺ ቁራጭም አትኖርም ነበር። ቤኔዴቲ በ1957 ሞተ። ቅጂዎቹ ተረት ሆኑ፤ አለ የሚል አለ፣ ተቃጥሏል የሚል አለ። በመጨረሻ ወንድሙ ዘንድ ተገኙና በ1990 ሞዛይክ የተባለ አሳታሚ በ7 ሲዲ አወጣቸው።

(ምስል፦ ትልልቅ የአሉሚኒየም ዲስኮች፣ ሻጋታ የነካቸው።)

ከሁሉም የሚያስቆጨኝ የቢል ሳቮሪ ነገር ነው። ሳቮሪ የድምፅ ቴክኒሽያን ነበር። በ1930ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ማታ ማታ ከክለቦች በቀጥታ የሚተላለፈውን የሬዲዮ ሙዚቃ ይቀዳል። ሥራው ጥሩ መሣሪያ ሰጥቶታል። ከተራው ሸክላ የሚበልጡ፣ ቀስ ብለው የሚዞሩ ዲስኮች ይጠቀማል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ባለ 10 ኢንቹ 78 በአንድ ገጽ የሚይዘው 3 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ የዚያን ዘመን ጃዝ ሁሉ 3 ደቂቃ ይመስለናል! ክለብ ውስጥ ግን ማን ይከለክላቸዋል? ይዘረጉት ነበር።

ኮልማን ሆኪንስ "ቦዲ ኤንድ ሶል"ን በ1939 ለሸክላ ሲቀዳ 3 ደቂቃ ነው፤ ሳክስፎን የያዘ ሁሉ በቃሉ ያጠናዋል። ሳቮሪ ሆኪንስ በ1940 ያንኑ ሙዚቃ በሬዲዮ ሲጫወት ቀድቶታል፤ እጥፍ ያህል ይረዝማል። ለ70 ዓመት ማንም አልሰማውም።

ምሥጢር ነበር? አይደለም እኮ። በ1950ዎቹ ከሳጥኑ ጥቂት የቤኒ ጉድማን ቅጂዎች ወጥተው ነበር፤ ሰው ሌላም እንዳለው ገምቷል። ሙዚቀኛውና የጃዝ ታሪክ አጥኚው ሎረን ሾንበርግ ሳቮሪን ያወቀው በ1980 ገደማ ነው። ለመነው። ሽማግሌው አላሰማም አሉ። ሳቮሪ በ2004 አረፉ። በ2010 ሾንበርግ ልጃቸውን አገኘ፤ ኢሊኖይ ድረስ ሄዶ ሳጥኖቹን አየ። ወደ 1,000 የሚጠጋ ዲስክ፣ ከ100 ሰዓት በላይ ሙዚቃ። ካውንት ቤዚ፣ ሌስተር ያንግ፣ ቢሊ ሆሊዴይ። ብዙው ንጹሕ አልነበረም፤ ጥቂት የማይባለው ሻግቷል፣ ተላልጧል። ሃርለም ያለው የጃዝ ሙዚየም ተረከበው። የባለመብቶች ጉዳይ ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነበር፤ የመጀመሪያው ክፍል ለሽያጭ የወጣው በ2016 ነው።

ሳቮሪን መውቀስ ይቀናኛል። ግን ደግሞ አስባለሁ፤ ባይቀዱትስ? ደብቆ ያቆየ ሰውና አድኖ ያቆየ ሰው አንድ ሰው ሲሆን ምን ይባላል?

(ምስል፦ በቴፕ ሳጥኖች የተሞላ መደርደሪያ።)

ሁሉም ግን ጓዳ ውስጥ አይደበቅም። ፒያኒስቱ ቴሎኒየስ መንክና ሳክስፎኒስቱ ጆን ኮልትሬን በ1957 ለወራት አብረው ሠርተዋል፤ ያ የአራት ሰው ባንዳቸው በስቱዲዮ ያስቀረው ሙዚቃ ግን ሦስት ብቻ ነው። በጃንዋሪ 2005 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ባልደረባ ላሪ አፕልባም የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮን ቴፖች ወደ ዲጂታል ለመገልበጥ ይለያል። አንዱ ሳጥን ላይ የካርኔጊ አዳራሽ፣ ጃዝ፣ 1957 ይላል። ከቴፖቹ በአንዱ ላይ ደግሞ በእጅ ጽሑፍ፣ "ቲ. መንክ"። ከፈተው። ኮልትሬን! መንግሥት ቤት፣ መደርደሪያ ላይ፣ ወደ 50 ዓመት ተቀምጦ። ዝርዝሩን ሳጥኑ ላይ የጻፈ ስላልነበረ ብቻ።

ራሱ ኮልትሬን በማርች 6፣ 1963 የቀዳው ሙሉ አልበምም ነበር። ኩባንያው ዘንድ የነበረው ዋናው ቴፕ ጠፋ። ኮልትሬን ግን ቤቱ ሄዶ ሊያዳምጠው የወሰደው ሁለተኛ ቅጂ በመጀመሪያ ባለቤቱ በናይማ ቤተሰብ ዘንድ ቆይቶ በ2018 አልበም ሆኖ ወጣ። በ2008 ደግሞ ሆሊውድ ውስጥ የዩኒቨርሳል ግቢ ሲቃጠል የብዙ ሙዚቀኞች ዋና ቴፕ እዚያው ነበር፤ ምን ያህሉ እንደነደደ እስካሁን ያጨቃጭቃል።

ከመሰናበቴ በፊት አንድ ነገር። ቡፌ ውስጥ አሮጌ ሸክላ ያላችሁ ካላችሁ ቁጥሩን ብርሃን ላይ አይታችሁ ጻፉት። 78 ከሆነ በቪኒል መርፌ አታጫውቱት፤ መስመሩ ሰፊ ነው፣ መርፌው የራሱ ነው። በአልኮልም አትጥረጉት። ሼላክ አልኮል ውስጥ ይሟሟል። ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። የመጀመሪያዋን 78 ሳገኝ ደስታው አስክሮኝ በስፒሪት ጨርቅ አሸሁላችሁ፤ ላጸዳት። ጨርቁ ጠቆረ። እኔ ቆሻሻው ለቀቀ ብዬ ደጋግሜ አሸሁ። አሁን መርፌ ሳስቀምጥባት የዝናብ ድምፅ ብቻ ነው የምታሰማው።

ቁጥሯ ግን አሁንም ይነበባል። መጨረሻው 2 ነው።