የታመመችው የፖሊ እናት አይደለችም

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ክረምቱ የጉዞ ዕቅድ ላወራችሁ አስቤ ማስታወሻ ሁሉ ይዤ ነበር። ግን ሌላ ነገር ሐሳቤን ይዞታል፤ እሱን ሳልናገር ወደ ጉዞው ብገባ ልቤ አብሮኝ አይሄድም። የጎረቤታችን አውራ ዶሮ ዛሬም ሰዓቱን አክብሮ ይጮኻል፤ የለመዳችሁት ድምፅ ነው፤ እንለፈው።

ከእህቴ ልጅ ጋር የሲ.ኤስ. ሉዊስን የናርኒያ መጻሕፍት እያነበብን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ማታ ማታ እኔ በእንግሊዝኛ እያየሁ በአማርኛ እተርክለታለሁ፤ እሱ ደግሞ ያልጣመው ነገር ሲኖር ያስቆመኛል። አሁን «የአስማተኛው የእህት ልጅ» ላይ ነን። ሰሞኑን ያነበብነው አሥራ ሦስተኛውን ምዕራፍ ነው። እዚያ ምዕራፍ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ከዚያች ማታ ጀምሮ ሥራ ላይም፣ ታክሲ ውስጥም፣ ሽንኩርት ስከትፍም አብራኝ ናት።

ለማታውቁት ያህል፦ ዲጎሪና ፖሊ ለንደን ውስጥ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው። የዲጎሪ አባት ህንድ አገር ነው፤ እናቱ በጠና ታማ ተኝታለች። አጎቱ ደግሞ አስማት የሚነካካ፣ ነገር ግን ራሱ ለመሄድ የማይደፍር ሰው ነውና ልጆቹን በቀለበት ወደ ሌላ ዓለም ይልካቸዋል። መጀመሪያ የሚደርሱት አንድ ጫካ ውስጥ ነው። ነፋስ የለም፣ ወፍ የለም፣ ያለው ዛፍና ኩሬ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ኩሬ ወደ አንድ ዓለም የሚያስገባ በር ነው። እዚያ ጥቂት የቆየ ሰው ከየት እንደመጣ መርሳት ይጀምራል።

ይህን ጫካ በጣም ነው የምወደው፤ ስለ እሱ ብቻ አንድ ሙሉ ክፍል ብሠራ ደስ ይለኛል። ልጆቹ አዲስ ኩሬ ለመሞከር ሲቸኩሉ ፖሊ ታስቆመዋለች፤ የመጣንበትን ኩሬ ምልክት ሳናደርግበት ልንሄድ ነው ወይ ትለዋለች። ሁለቱም ክው ይላሉ። ኩሬዎቹ ሁሉ አንድ መልክ፣ ዛፎቹም አንድ መልክ ናቸው፤ አንዴ ከራቁ ወደ ቤታቸው የሚወስደውን መልሰው ማግኘት ዘበት ነበር። ዲጎሪ ሰንጢውን አውጥቶ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ከኩሬው ዳር ሣሩን ከነአፈሩ ረዘም አድርጎ ቆርጦ ያነሳል። ምልክቱ ያ ነው። የእህቴ ልጅ እዚህ ላይ ትንፋሹን ውጦ ነበር የሰማኝ።

ፖሊ በመጽሐፉ ሁሉ እንዲህ ናት። ዲጎሪ የሞተች ከተማ ውስጥ የተሰቀለውን ደወል ሊመታ ሲል ተው አለችው፤ እሱ ግን እጇን ጠምዝዞ ይዞ መታው። ጠንቋይዋ የነቃችው በዚያ ደወል ነው። በዚያው ሰበብ ናርኒያ የምትባለው ዓለም ገና በተፈጠረችበት ቀን ክፉ ነገር አብሮ ገባባት። አንበሳው አስላን ዲጎሪን ወደ ምዕራብ ተራሮች የላከውም ለዚህ ነው፤ ከአንድ ኮረብታ ላይ ካለ የአትክልት ቦታ ፖም እንዲያመጣ፣ ከዚያ ፖም የሚበቅለው ዛፍ አገሩን እንዲጠብቅ። ፖሊም አብራው በክንፋሙ ፈረስ ላይ ወጣች። እጇን የጠመዘዘው ልጅ ነው እኮ! ግን አብራው ሄደች።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በመንገድ ላይ ሲመሽባቸው የሚበሉት አጥተው በፖሊ ኪስ ውስጥ ዘጠኝ ከረሜላ ተገኘ። አራት አራት በሉና ዘጠነኛዋን መሬት ውስጥ ቀበሯት፤ አፈሩ ገና ትኩስ ነውና ሲነጋ የከረሜላ ዛፍ ቆሞ አገኙ። የእህቴ ልጅ በማግስቱ ምን አደረገ መሰላችሁ? እማዬ በተከለችው የጤና አዳም ማሰሮ ውስጥ ከረሜላ ቀበረ። ከነወረቀቱ። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት በሲኒ ውሃ ያጠጣል። እህቴ ጉንዳን ይመጣል ብላ ልታወጣው ስትል እጇን ያዝኳት። ይመጣል፤ ጉንዳኑም ይምጣ። ጤና አዳሙ ደግሞ ከእማዬ ጊዜ ይልቅ አሁን ነው የፋፋው፤ ሽታው ሳሎን ድረስ ይገባል… እሺ። ወደ ታሪኩ ልመለስ።

የአትክልቱ ቦታ በወርቅ በር ነው የሚገባው። በሩ ላይ በአጥር የዘለለና የሰረቀ የልቡን ያገኛል፣ ተስፋ መቁረጥንም አብሮ ያገኛል የሚል ነገር ተጽፏል። ፖሊና ፈረሱ ውጭ ቀሩ፤ ዲጎሪ ብቻውን ገብቶ ፖሙን ቆረጠ። ጠንቋይዋ ጄዲስ ግን ቀድማው በአጥር ገብታ በልታለች፤ አፏ ዙሪያውን በጭማቂው ተበላሽቷል። ሲወጣ ተከተለችው። መጀመሪያ ያነሳችለት ያለማርጀትን፣ ለዘላለም መኖርን ነው። አላጓጓውም። ቀጥላ እናቱን አነሳች።

ንግግሯን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አንድ ጉርሻ ከዚህ ፖም እናትህን ያድናል ትለዋለች። አስማቱ በኪስህ አለ፣ አሁኑኑ አልጋዋ አጠገብ መድረስ ትችላለህ። ያ አንበሳ ምን አድርጎልህ ነው ባሪያው የምትሆነው? ሥቃይዋን ልታስቀርላት ስትችል እንደተውካት እናትህ ብትሰማ ምን ትላለች? ልጁ ቃል ገብቻለሁ ይላል፤ ግን የሚለው እያመመው ነው። እናቴ እኮ ቃልህን ጠብቅ፣ አትስረቅ እያለች ነው ያሳደገችኝ ይላል። እሷም ለእናትህ ማን ይነግራታል፣ ማንም አያውቅም አለችው። ከዚያ ጨመረች፦ ትንሿንም ልጅ ይዘሃት መመለስ የለብህም።

ፖሊ እዚያው ቆማለች! አጠገባቸው!

ሁሉም ነገር የፈረሰው በዚህች ቃል ነው። ዲጎሪ ፖሊ የራሷ ቀለበት እንዳላት፣ ብቻዋን መመለስ እንደምትችል ያውቃል። ግን ጓደኛህን ጥለህ ሂድ የሚለው ሐሳብ ወራዳነቱ ቀድሞ የተነገረውን ሁሉ ባዶ አደረገበት። አእምሮው ጠራ። አንቺ ለመሆኑ እናቴን ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የወደድሽያት ብሎ ጠየቃት። ያን ጊዜ ፖሊ በጆሮው ጎሽ አለችው፤ ቶሎ እንሂድ።

ቀጥሎ ነው ያቺ ዓረፍተ ነገር የምትመጣው። ሉዊስ እንደ ዋዛ ነው የሚጥላት። ፖሊ በዚያ ሁሉ ክርክር አንዲት ቃል ለመናገር አልደፈረችም፣ ምክንያቱም የምትሞተው የእሷ እናት አልነበረችም ይላል።

የእህቴ ልጅ ገጹን ለመገልበጥ እጁን ዘረጋ። እኔ አልገለበጥኩም።

እማዬ ታማ የነበረበትን ጊዜ እዚህ ብዙ ተናግሬአለሁ፤ ሁሉን አልደግመውም። በእኛ አገር የታመመ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም፤ ብርቱካንም ይዞ ይመጣል፣ ምክርም ይዞ ይመጣል። አንዱ የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ካላጠመቃችኋት ይላል፤ ሌላው ቤት ሽጣችሁም ቢሆን ህንድ ውሰዷት ይላል፤ ሌላው ደግሞ በመርፌ አታሠቃዩአት፣ ቤቷ አርፋ ትተኛ ይላል። ጥቁር አዝሙድ በማር የሚለውን አልቆጥረውም። ሁሉም ወዷት ነው። አንዱም ክፉ አስቦ አልተናገረም። ግን ሐኪሙ ቢሮው አስጠርቶን ወስኑ ባለን ማታ፣ ጆሮዬ ውስጥ የዚያ ሁሉ ሰው ድምፅ በአንድ ጊዜ ሲንጫጫ፣ ከበሩ ውጭ አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው እሷ ነበረች። የምታውቋት ጓደኛዬ። ፔርሙሷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ስወጣ ክዳኑን አዙራ ከፈተች፣ ሻይ ቀዳች፣ ስኳሩን አማሰለች፣ ጨበጥ አድርጌ እስክይዘው ድረስ ብርጭቆውን አልለቀቀችም። ምንም አላለችም። በዚያች ማታም፣ ከወሰንን በኋላም፣ ከሁሉም በኋላም።

እስከዚህ ሳምንት ድረስ ዝምታዋን እንደ ጠባይ ነበር የማየው። ዝምተኛ ናት በቃ። ፖሊን ካነበብኩ በኋላ ግን ሐሳብ ሳይኖራት የቀረ አልመሰለኝም። ነበራት። እማዬ ለእሷም እናት ነበረች፤ በእማዬ እጅ ቆሎ በልታ ያደገች ልጅ ናት። አፏን የያዘችው የእኔ እናት ስለሆነች ነው። ይህን ሳስብ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ልቤ ሞላ። ቆይቶ ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ፦ ያን ማታ ብቻዬን ነበርኩ እንዴ? አጠገቤ ሰው ኖሮ፣ ሐሳብ ያለው ሰው ኖሮ፣ እኔ ግን ብቻዬን ነው የወሰንኩት? ፖሊ ብትናገር ኖሮ ዲጎሪ ያን ያህል ባልተሠቃየ ይሆን? ወይስ ብትናገር ኖሮ የእሷም ድምፅ ከጠንቋይዋ ድምፅ ጋር ይቀላቀልበት ነበር?

አንበሳውም እኮ ምክር አልሰጠውም። ዲጎሪ ከመሄዱ በፊት ለእናቴ መድኃኒት ስጠኝ ብሎ ለምኖት፣ ቀና ብሎ ፊቱን ሲያይ የአንበሳው ዓይን እንባ ሞልቷል። ከልጁ እንባ የሚበልጥ እንባ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? ፖሙን ይዞ ሲመለስ፣ ልክ ሠራሁ ወይስ እናቴን ገደልኳት እያለ ሲጨነቅ፣ ያጸናው ያን እንባ ማስታወሱ ነው። ቃል አይደለም።

ስለ ጸሐፊው አንድ ነገር ማንሳት አለብኝ። ሲ.ኤስ. ሉዊስ እናቱ ፍሎራ ቤልፋስት ውስጥ በነቀርሳ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው፤ እሱ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እንድትድን ጸልዮ ነበር። ይህ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1955 ከሰባቱ ስድስተኛ ሆኖ ይታተም እንጂ ጽፎ የጨረሰው ከሁሉም በመጨረሻ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ዲጎሪ ከአዲሱ ዛፍ ፖም ተሰጥቶት ለእናቱ ልጦ፣ ቆራርሶ ያበላታል፤ ትድናለች። ብዙ ሰው ጸሐፊው ያጣውን ለልጁ ሰጠው ይላል። ይሆናል። እኔ ግን እዚያ ላይ እንባዬ ቢመጣም የሚከነክነኝ ሌላ ነው። አስላን ቢሰረቅም ፖሙ ያድናት ነበር ይላል፤ ግን ያን ጊዜ በሞተች ይሻል ነበር የምትሉበት ቀን ይመጣ ነበር ይለዋል። ይህን ለልጁ ስተርክለት ድምፄ ደከመ። የእናቱን ትንፋሽ ሌሊት ለቆጠረ ሰው ይህ እንዴት ይነገራል? እውነት ሊሆን ይችላል። ሉዊስ ከእኔ የበለጠ አስቦበታል። ግን ሲነበብ ከብዶኛል፤ አሁንም ይከብደኛል፤ እዚህ ላይ ከመጽሐፉ ጋር አልታረቅኩም።

አሁን ደግሞ የታመመችው የጓደኛዬ እናት ናት። እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ ዝርዝሩን ግን አልገባበትም። ያው ብርቱካን፣ ያው ምክር ቤቷን ሞልቶታል። እኔም ፔርሙስ ይዤ ሄጃለሁ፤ ከእሷ የተማርኩትን ነው ያደረግኩት። ቅዳሜ ዕለት ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ብርጭቆ እያጠብን ሳለ ቧንቧውን ዘጋችና «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለችኝ።

ዲጎሪ ፖሊን አልጠየቃትም። ይህ ነው ያስቸገረኝ። መጽሐፉ ላይ ያልተጠየቀች ልጅ ናት ዝም ያለችው፤ ልክ ነበረች፤ እኔም በሙሉ ልቤ ልክ ነበረች እላለሁ። የተጠየቀችስ? ላስብበት አልኳት። እሷም አንገቷን ነቀነቀችና ቧንቧውን መልሳ ከፈተች። የማስበውን ግን አውቀዋለሁ፤ ሐሳብ አጥቼ አይደለም። ብነግራትና ብታደርገው፣ ከዚያ ነገሩ ቢከፋ፣ የእኔ ቃል በእሷና በእናቷ መካከል ለዘላለም ተቀምጦ ይቀራል። ባልነግራት ደግሞ… ጠይቃኛለች እኮ። እሷ ሰው የምትጠይቅ ሴት አይደለችም፤ ስንት ዓመት ነው የማውቃት፣ መንገድ እንኳ ሲጠፋባት ሰው አትጠይቅም።

እናንተ ብትሆኑ… አይ፣ ይህን ለእናንተ አልጥለውም። የጠየቀችው እኔን ነው። ነገ ማታ እዚያው ነኝ፤ ምናልባት ራሷ ታነሳው ይሆናል። ካላነሳችው እኔ ላንሳው ወይስ… አንዴ ከጠየቀች በኋላ ዝም ማለት የበፊቱ ዓይነት ዝምታ መሆኑ ይቀራል መሰለኝ። ወይም አይቀርም። እንጃ። የጉዞውን ነገር በሚቀጥለው እናወራዋለን፤ ክረምቱም ገና ነው።