ዴር ዳክል፦ የአንድ አጭር እግር ውሻ ሰዋስው

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ የማወራውም ስለ አንድ የጀርመንኛ ቃል ነው። ዳክል። እግሩ አጭር፣ ወገቡ ረጅም፣ ጆሮው ወደ ታች የወደቀ፣ ጀርመኖች በጣም የሚወዱት ውሻ። እ.ኤ.አ. በ1972 የሙኒክ ኦሎምፒክ ማስኮት የነበረው ቫልዲ ዳክል ነው። እንዲያውም ማሞ ወልዴ ነሐስ ያመጣበት የዚያ ዓመት የማራቶን መንገድ በካርታ ላይ ሲታይ የቫልዲን ቅርጽ እንዲይዝ ተደርጎ የተቀየሰ ነው። ይህ እንዳለ ይቆየንና ወደ ቃሉ እንግባ።

ብዙ ሰው ይህን ውሻ መጀመሪያ የሚያውቀው በእንግሊዝኛ በኩል ስለሆነ "ዳሽሀውንድ" ብሎ ይመጣል። ቃሉ በእርግጥ ጀርመንኛ ነው፤ አነባበቡ ግን አይደለም። ትክክሉ "ዳክስሁንት" ነው። ዳክስ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር፣ ፊቱ ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው የአውሮፓ አውሬ ነው፤ ሁንት ውሻ ነው። ጉድጓዱ ድረስ ገብቶ ዳክስን የሚያድን ውሻ ማለት ነው፤ እግሩ ያጠረውም ለዚሁ ሥራ ነው። ሲጻፍ መጨረሻው ላይ "ዲ" አለ፤ ነገር ግን በጀርመንኛ ቃል መጨረሻ ላይ የቆመ "ዲ" እንደ "ት" ይነበባል። ሲበዛ ግን "ሁንደ" ይሆናል፤ "ድ" ትመለሳለች። የመጨረሻዋን አናባቢ "ሁንዴ" አትበሏት። የእኛው ግዕዝ፣ የ"ደ" ድምፅ ናት ማለት ይቻላል። ሌላው የውጭ ተማሪ የሚቸገርባትን ድምፅ እኛ ከሀሁ ጀምረን ይዘናታል።

"ዳክስ" ውስጥ ሲ፣ ኤች እና ኤስ ተከታትለው ይጻፋሉ፤ አንድ ላይ "ክስ" ናቸው። ቁጥር ስድስትን፣ ዜክስን፣ የምታውቁ ሰዎች ይህን ታውቁታላችሁ፤ ቀበሮም ፉክስ ነው። ወጥመዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። "ዳኽ" ጣሪያ ነው። "የጣሪያው" ስትሉ ኤስ ይጨመርበትና ጽሕፈቱ ከአውሬው ጋር አንድ ይሆናል፤ ሲነበብ ግን "ዴስ ዳኽስ" ነው፣ ከጉሮሮ። ኤስዋ የቃሉ ሥር ከሆነች "ክስ"፣ በሰዋስው የተለጠፈች ከሆነች "ኽስ"።

ለማንኛውም መንገድ ላይ ዳክስሁንት የሚል ሰው እምብዛም አታገኙም። የዘር ሐረግ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ አዳኞች ቴክል ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1888 የተመሠረተው ማኅበራቸውም ስሙ "ዶይቸር ቴክልክሉብ" ነው። የሰፈር ሰው ግን ዳክል ነው የሚለው። እናንተም ዳክል በሉ።

አባባሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእኛ ሰው የሚሳሳተው ስሕተት ሌላው የማይሳሳተው ነው። መሃሉ ላይ ሲ እና ኬ ጎን ለጎን ተጽፈዋል። እኛ ድርብ ፊደል ስናይ እናጠብቃለን፤ "ክ"ን ረግጠን "ዳክክል" እንላለን። በአማርኛ ማጥበቅ ይነገራል እንጂ አይጻፍም፤ "አለ" ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ይገኛል ነው፣ ወረቀቱ ላይ ግን አንድ ነው። በጀርመንኛ የተገላቢጦሽ ነው፤ ድርቡ ይጻፋል እንጂ አይነገርም። የድርቡ ሥራ ከፊቱ ያለችው አናባቢ አጭር መሆኗን መናገር ብቻ ነው። ስለዚህ "ዳ"ን አሳጥሩ፣ "ክ"ን አላሉ፤ "ክል" ደግሞ ሁለቱም ሳድስ ናቸው፣ "ኬል" የሚባል ነገር የለም።

አሁን ሰዋስው። ዳክል ወንዴ ስም ነው፤ ዴር ዳክል። ሲበዛ ዲ ዳክል። ቃሉ ራሱ ንቅንቅ አላለም፤ ከፊቱ የቆመው አርቲክል፣ ማለትም "ዴር"፣ ብቻ ወደ "ዲ" ተለወጠ። አንዳንዶች "ዳክልስ" ብለው በእንግሊዝኛው ያበዙታል፤ ያ "የዳክሉ" ነው፤ ዴስ ዳክልስ። ሁለት ውሻ ለማለት ስቫይ ዳክል። ለእኛ ይህ ይጥመናል፣ ምክንያቱም እኛም "ሁለት ውሻ አለኝ" እንላለን፣ የግድ "ውሾች" አንልም። ጥሙ ግን እዚሁ ላይ ያበቃል፤ ያንኑ ልማድ ይዛችሁ "ስቫይ ሁንት" ብትሉ ስሕተት ነው፤ ስቫይ ሁንደ ነው።

ለጀማሪ ይህን ቃል የምመርጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ስሙ እምብዛም ስለማይለወጥ መደበቂያ የለም፤ ሸክሙ ከሞላ ጎደል አርቲክሉ ላይ ነው። ኢሽ ሃበ አይነን ዳክል፤ ዳክል አለኝ። የሀበሻ ተማሪ አፉ ላይ የሚመጣው ግን "ኢሽ ሃበ አይን ዳክል" ነው። ለምን? በአማርኛ "ውሻውን ገዛሁ" ስንል "ን" አለች፤ "አንድ ውሻ ገዛሁ" ስንል ግን የለችም። ተሳቢ ምልክት የሚያገኘው በአብዛኛው የታወቀ ሲሆን ነው። ጀርመንኛ ለዚህ ደንታ የለውም፤ ይታወቅም አይታወቅም፣ ወንዴ ተሳቢ ከሆነ ዴን ወይም አይነን ነው። ስለዚህ "ዴን ዳክል" ላይ አትሳሳቱም፣ ጆሯችሁ "ን" ይጠብቃል። የምትሳሳቱት "አይነን" ላይ ነው። ልምምዱንም እዚያ ላይ አድርጉት፤ አለኝ፣ አያለሁ፣ እፈልጋለሁ፣ ሦስቱንም ከ"አይነን ዳክል" ጋር።

ቀጥሎ የምትመጣውን ግን ተጠንቀቁ። "ሚት" ከምትለዋ መስተዋድድ ጋር ዳቲቭ ነው፣ በአማርኛ "ለእገሌ" የምንለውን ተቀባይ የሚያሳየው የስም መልክ፤ ሚት ዴም ዳክል፣ ከዳክሉ ጋር። ሲበዛ ደግሞ ሚት ዴን ዳክልን። ስሙት፤ ዳክል-ን። የአማርኛ ጆሮ "ዳክልን" ሲሰማ ተሳቢ ነው ብሎ ይፈርዳል። አይደለም። በዚህ ቃል ላይ "ን" ከመጣች ብዙ ቁጥር ነው፣ ዳቲቭም ነው። "ኢሽ ጌበ ዴን ዳክልን ቫሰር" ማለት ለዳክሎቹ ውሃ እሰጣለሁ ነው። "ኢሽ ዜኧ ዴን ዳክል" ግን አንዱን ዳክል አያለሁ። ዴን በሁለቱም አለ፤ የሚለያቸው ያቺ የመጨረሻ "ን" ብቻ ናት።

ቅጽል ሲገባ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ ግን እኛ ለዚህ ቅርብ ነን። "ትንሹን ውሻ አየሁ" ስንል "ን" የተለጠፈችው ውሻው ላይ አይደለም፤ ቅጽሉ ላይ ነው። ምልክቱ ፊት ወዳለው ቃል ይሸሻል። በጀርመንኛም ስሙ ዝም ይላል፣ ፊት ያሉት ይናገራሉ። ዴር ክላይነ ዳክል፤ ዴር ወንዴነቱን ስለተናገረ ቅጽሉ "ነ" ብሎ ያርፋል። አይን ክላይነር ዳክል፤ "አይን" ጾታውን አልተናገረም፣ ስለዚህ ቅጽሉ "ር" ብሎ ያሟላል። አይነን ክላይነን ዳክል፤ ይህ ተሳቢው ነው።

የተጣመሩ ስሞች ቀላል ናቸው፤ ጾታን የሚወስነው የመጨረሻው ቃል ነው። ዴር ራውሃርዳክል፣ ፀጉረ ሻካራው። ሃር፣ ፀጉር ማለት ነው፣ ለብቻው "ዳስ" ነው፣ ወንዴም ሴቴም ያልሆነ፤ እዚህ ግን ድምፅ የለውም፣ ዳክል መጨረሻ ስለሆነ ዴር ነው። ድሮ "ራው" በራሷ ኤች ትጨርስ ነበር፤ ከ1996ቱ የፊደል ማሻሻያ ወዲህ ቀርታለች፣ ስለዚህ የቆየ ወረቀት ላይ ሁለት ኤች ብታዩ የጽሕፈት ስሕተት አይደለም። ዴር ስቬርግዳክል ትንሹ ነው፣ ዴር ካኒንሸንዳክል ከዚያም ያነሰው፣ ጥንቸል ጉድጓድ የሚገባው። መጠናቸው የሚለየው በቁመት ሳይሆን በደረት ዙሪያ ልክ ነው። ውሻ ሁሉ ዴር ነው ብላችሁ ደግሞ አትዝናኑ፤ ያ ጥጃ የሚያህለው ግዙፍ ውሻ "ዲ ዶይቸ ዶገ" ነው፣ ወንድ ቢሆንም ሴቴ ስም።

ከቃሉ የወጡ ሌሎችም አሉ። ዳክልብሊክ ምግብ ስትበሉ የሚያያችሁ ያ የሚያሳዝን ዓይን ነው፤ ለሰውም ይባላል። ቫክልዳክል የመኪና የኋላ መስታወት ሥር ተቀምጦ ራሱን የሚነቀንቅ አሻንጉሊት ነው። ሽቱትጋርት አካባቢ ያላችሁ ግን ልብ በሉ፤ እዚያ ሰውን "ዱ ዳክል" ማለት ጅል ብሎ መስደብ ነው፤ "ሃልፕዳክል" ደግሞ ይብሳል፣ ግማሽ መሆኑ አያቀለውም።

የመጨረሻው ነገር ጾታ ነው፣ የውሻው እንጂ የቃሉ አይደለም። ሴት ብትሆንም ዴር ዳክል ናት። ኡንዘር ዳክል ኢስት አይነ ሂውንዲን፤ የእኛ ዳክል ሴት ናት። ያቺን "ሂው" የጻፍኩበትን ድምፅ ለማውጣት ምላሳችሁ "ኢ" እያለ ከንፈራችሁን ለፉጨት አሞጥሙጡ። ወንዱ ውሻ ሪውደ ነው፣ ቡችላው ቬልፐ። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ከዳክል በተቃራኒ ተሳቢ ሲሆኑ ራሳቸው "ን" ይወስዳሉ፤ አይነን ሪውደን፣ አይነን ቬልፐን። እዚህ ላይ የአማርኛ ጆሯችሁን እመኑት። መናፈሻ ውስጥ አንዲት አሮጊት ዳክላቸውን ይዘው ሲያልፉ ወሬ ለመጀመር የምትሉት ይህን ነው፦ ኢስት ዳስ አይን ሪውደ ኦደር አይነ ሂውንዲን? "ኢስት" ስላለ ተሳቢ የለም፤ አይን ሪውደ ብላችሁ ዝም በሉ፣ "ን" አትጨምሩ።