700ዎቹ የቴስፒያ ሰዎች

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሣላችሁ የቴርሞፒሌን ውጊያ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ይህ ታሪክ ሲተረክ የምሰማው ስለ 300ዎቹ ስፓርታውያን ብቻ ነበር፤ የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሓፊ ሄሮዶቱስ የጻፈውን ራሴ ሳነብ ግን በመጨረሻው ቀን ቴስፒያ ከምትባል ሌላ የግሪክ ከተማ የመጡ 700 ሰዎች አብረዋቸው እንደ ወደቁ ተረዳሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከሐሳቤ አልጠፉም።

ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 480 ነው። የፋርሱ ንጉሥ ዜርክሲስ፣ ብዙ ሊቃውንት በመጽሐፈ አስቴር አርጤክስስ የተባለው እርሱ ነው ይላሉ፣ እጅግ ብዙ ሠራዊት አስከትቶ ግሪክን ወረረ። ቴርሞፒሌ በተራራና በባሕር መካከል ያለች ጠባብ መተላለፊያ ስለ ነበረች የጠላት ብዛት እዚያ ብዙም አልጠቀመም፤ በስፓርታው ንጉሥ በሊዮኒዳስ የሚመሩ 7,000 ያህል ግሪኮች ሁለት ቀን ሙሉ አላሳልፍ አሉ። በኋላ ኤፊያልቴስ የሚባል የአገሩ ሰው ተራራውን የሚዞረውን መንገድ ለፋርሶች አሳየ። መንገዱን እንዲጠብቁ የተመደቡት 1,000 ፎኪያውያን የሚባሉ ግሪኮች የጠላትን መምጣት ያወቁት ጎሕ ሲቀድ፣ መሬት ላይ የረገፈው ቅጠል ከሰው እግር በታች ሲንኮሻኮሽ ሰምተው ነው። ቀስት ሲዘንብባቸው ወደ ተራራው ጫፍ አፈገፈጉ፤ ፋርሶችም ትተዋቸው ቁልቁል ወረዱ።

ሊዮኒዳስ መከበቡን ሲያውቅ አብዛኛውን ጦር አሰናበተ። ስፓርታውያን እንዲቀሩ ሕጋቸውም፣ አስተዳደጋቸውም ያዝዛቸዋል፤ 300ዎቹም ዘራቸው እንዳይጠፋ ወንድ ልጅ ካላቸው መካከል የተመረጡ ነበሩ። ቴባ ከምትባል የግሪክ ከተማ የመጡ 400 ሰዎችም ቀርተዋል፤ ሄሮዶቱስ እነርሱን ያለ ፈቃዳቸው የተያዙ ይላቸዋል። በዴሞፊሎስ የሚመሩት የቴስፒያ ሰዎች ግን በሰላም ጊዜ ኑሯቸው ወታደርነት ያልሆነ፣ የአንዲት ትንሽ ከተማ ዜጎች ነበሩ። ሂዱ ሲባሉ ሊዮኒዳስንና አብረውት ያሉትን ትተን አንሄድም አሉ።

ስለ ምን እንደ ቀሩ ደጋግሜ አስባለሁ። ከተማቸው ከመተላለፊያው በስተ ደቡብ፣ ቦዮቲያ በሚባለው የግሪክ ክፍል ነበረች፤ በሩ ከተከፈተ ጠላት ወደ ቤታቸው እንደሚደርስ ያውቁ ነበር። እንደ እኔ እምነት የሌላ አገር ንጉሥ አጠገብ ቢቆሙም የሚጠብቁት የገዛ ደጃቸውን ነበር፤ ያም ሆኖ ዕለቱን ሄደው ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው መሸሽ ይችሉ ነበር፤ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል።

የቴስፒያ ሰዎች ሁሉም በዚያው ወደቁ። በከተማቸው የቀረው ሕዝብ ፔሎፖኔሶስ ወደሚባለው የደቡብ ግሪክ ምድር ሸሸ፤ ዜርክሲስም ባዶዋን ቴስፒያን አቃጠላት። በዓመቱ፣ በ479፣ ግሪኮች ፋርሶችን ድል በነሡበት በፕላቴያ ጦር ሜዳ ከዚያች ከተማ የተረፉ 1,800 ሰዎች ከባድ ትጥቅ ሳይኖራቸው መጥተው ተሰለፉ።