ስሙን ራሱ የሚጠራ ከበሮ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ስሙ።

(ከበሮው በመዳፍ ይመታል)

ቶፍ። አንዴ ልድገመው። ቶፍ። በዕብራይስጥ ስሙም ይኸው ነው፤ ቶፍ። ሲበዛ «ቱፒም»። ዐረቦቹ «ዱፍ» ይሉታል፣ ያው ዘመዱ ነው። ስሙ ከድምፁ የወጣ ነው። ቃሉን ስትጠሩት ከበሮውን መታችሁት ማለት ነው። እኔ ከዚህ የሚያምር የመሣሪያ ስም አላውቅም!

ብዙዎቻችሁ ግን ደጋግማችሁ ትጽፉልኛላችሁ። «የሙሴ እኅት ማርያም ባሕሩን ተሻግራ የመታችው የኛን የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ነው አይደል?» አይደለም። ግምቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ዘጸአት 15፥20 በአማርኛችን «ከበሮ» ነው የሚለው። የዕብራይስጡ ቶፍ በግሪኩ ቲምፓኖን ሆነ፣ ግእዙ ከግሪኩ ሲተረጎም ከበሮ አለው። በቃ። ቃሉ አልተሳሳተም፤ የሚያሳስተን በዓይናችን የሚመጣው ሥዕል ነው። የኛው ትልቅ ነው፣ ሁለት ፊት አለው፣ አንገት ላይ ይንጠለጠላል።

ለቶፍ ወንፊት አስቡ። የእናቶቻችንን ወንፊት። ዙሪያው ክብ እንጨት አለ አይደል? ጠባብ ነው፣ ቀላል ነው፣ በአንድ እጅ ይያዛል። አሁን መረቡን አውጡና በቦታው ቆዳ ወጥሩበት። ቶፍ ማለት እሱ ነው። እናቴ ዱቄት ስትነፋ ጠርዙን በመዳፏ መታ መታ ታደርገው ነበር፤ በግራ ይዛ፣ በቀኝ መታ። የዱቄቱ ብናኝ ቅንድቧ ላይ ያርፋል። ቶፍ ባየሁ ቁጥር የምትታየኝ እሷ ናት።

ደግሞም የሴቶች መሣሪያ ነበር። ከጥንቷ እስራኤልና ከዮርዳኖስ ማዶ በቁፋሮ የወጡ፣ ከበሮውን ደረታቸው ላይ የያዙ ትንንሽ የሸክላ ሴቶች አሉ። የዮፍታሔ ልጅ አባቷን የተቀበለችው በከበሮ ነው። ሳኦልም ከጦርነት ሲመለስ ሴቶቹ በከበሮ ነው የወጡለት።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ አሁኑኑ አድርጉ፤ ቀጥሎ ጸናጽልን ይዤ እመጣለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከቶፍ የወጣ ግሥ አለ፤ ቶፍ መምታት ማለት ነው። ነቢዩ ናሆም፣ ምዕራፍ 2 ላይ፣ ነነዌ ስትወድቅ ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ ይነግረናል። የተጠቀመው ያንኑ ግሥ ነው። ደረታቸውን እንደ ከበሮ መቱት። ለቅሶ ቤት ደረት ሲደቃ የሰማችሁ ድምፁን ታውቁታላችሁ።

(ደረት በመዳፍ፣ ቀስ ተብሎ ይመታል)

ቶፍ።